እትዬ ጸዳለና የተፈታው ክንፍ

ከቀብር መልስ አዳራሹ ውስጥ የተነበበው የሕይወት ታሪክ ሰባት መስመር ነበር። ወረቀቱ ተባዝቶ ስለታደለን ቆጥሬዋለሁ። «ወይዘሮ ጸዳለ» ብሎ ይጀምራል። እትዬ ጸዳለ አግብተው አያውቁም። ቀጥሎ «በሶቪየት ኅብረት ትምህርታቸውን ተከታትለዋል» ይላል፤ ምን እንደተማሩ ግን አይናገርም። ከዚያ ለንደን የኖሩት ሠላሳ ምናምን ዓመት በአንድ መስመር ያልቃል፤ «በጽዳትና በልዩ ልዩ ሥራዎች ተሰማርተው ኖረዋል።»

ልዩ ልዩ ሥራዎች።

አንባቢው ወረቀቱን አጥፎ «ነፍሳቸውን ይማር» ሲል እጄን አነሳሁ። ከኮሚቴው አንዱ መጥቶ ትከሻዬን ዳበስ አደረገና «ወንድሜ፣ አዳራሹን የያዝነው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ይቅር» አለኝ። ዳንኤል ከፊት ረድፍ፣ ከሽማግሌዎቹ ጎን ተቀምጧል። ዞር ብሎ አየኝና ፊቱን መለሰ። እጄን አወረድኩ። እጄን ማውረድ የለመድኩት ነገር ነው፤ ስለዚያም እጽፋለሁ። አሁን የምጽፈው በዚያ ቀን ንዴት ነው፤ ሳምንታት አለፉ፣ አልበረደልኝም።

ዳንኤል ፊንስበሪ ፓርክ፣ ከባቡር ሐዲዱ ሥር ካሉት የጡብ ቅስቶች በአንዱ ውስጥ ጋራዥ ነበረው። ባቡር ባለፈ ቁጥር ጣሪያው ይንቀጠቀጥና የጡብ ብናኝ በቀባሁት ቀለም ላይ ይረግፋል። እኔ የተጋጨ ላሜራ አስተካክላለሁ፣ ቀለም እቀባለሁ። ደንበኞቻችን ሁለት ዓይነት ነበሩ። አንደኛው እንደ ማንኛውም ጋራዥ፣ ፓራውልቱ የረገፈበት፣ ፍሬኑ የጮኸበት ሰው ነው። ሁለተኛው ቅዳሜና እሑድ መኪናውን ከከተማ ውጭ ወደሚገኝ የመወዳደሪያ ትራክ እየወሰደ፣ ከራሱ ሰዓት ጋር ሲፎካከር የሚውል ነው። ዳንኤል የሚወደው ሁለተኛውን ነበር። እነሱ በነፋስ ኃይል መኪናውን ወደ መሬት የሚጫን፣ ከኋላ የሚገጠም ክንፍ ይገዛሉ።

እትዬ ጸዳለ በሳምንት ሁለት ጠዋት መጥተው ቢሮውንና ሽንት ቤቱን ያጸዱ ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጸጉራቸውን አጭር የተቆረጡ ሴት ናቸው። ሰማያዊ ሽርጣቸው ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ እርሳስ አለ። ሰላም ካሉን በኋላ አንድ ቃል ሳይናገሩ ሠርተው ይሄዳሉ። አንድ ዓመት ያህል እንዲህ ሄደ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት መጥረጊያቸውን እንደያዙ የናታን መኪና አጠገብ ቆሙ። ናታን ኪልበርን ተወልዶ ያደገ የሐበሻ ልጅ ነው፤ ያኔ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፣ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፣ ደሞዙን የምትበላበት ደግሞ ያቺ ነጭ የጃፓን መኪናው ናት። ዳንኤል ከኋላዋ ትልቅ ክንፍ ገጥሞላት ነበር፤ ገደድ ብሎ የቆመ፣ ከሩቅ የሚታይ።

«ይህን ማን ነው እንዲህ ያቆመው?» አሉ።

«እኔ ነኝ። ምነው?» አለ ዳንኤል እየሳቀ።

«ቀጥ ብሎ በቆመ ቁጥር የበለጠ የሚጫን መስሎሃል። ነፋሱ ከሥሩ ተላቋል። ይህ ክንፍ አይደለም፣ መዝጊያ ነው። መኪናውን ወደ ኋላ ከመጎተት በቀር ሥራ የለውም።»

ዳንኤል ሳቁን አላቆመም። «ደግሞ አንቺ ስለ ክንፍ ምን ታውቂያለሽ?»

ልብ በሉ፣ እኔ «እርስዎ» እላቸዋለሁ። ሌላውም ሐበሻ ሁሉ እንዲሁ። ናታን «አንቺ» ይላቸው ነበር፤ እሱ አማርኛው የእናቱ ቤት አማርኛ ስለሆነ አይፈረድበትም። ዳንኤል ግን አዲስ አበባ ያደገ ሰው ነው።

«ለክተሃል?» አሉት።

«ምኑን?»

«ለክተሃል ወይስ አልለካህም? ነው የምልህ።»

ይህች ቃል የእሳቸው ነበረች። «አልለካሁም» ካልክ ወሬው እዚያው አበቃ።

ናታን ነገሩ ገርሞት በሚቀጥለው ቅዳሜ ይዟቸው ሄደ። እኔም አብሬ ሄድኩ። ትራኩ የድሮ ወታደራዊ አየር ማረፊያ ነው፤ ሃንጋሩ ባዶውን ቆሟል፣ ማኮብኮቢያው ተከፋፍሎ ቀጥታና መታጠፊያ ተሠርቶበታል። እትዬ ጸዳለ ከመኪና ሲወርዱ ቆመው ዙሪያውን አዩ፤ ለረጅም ጊዜ። ከዚያ ከቦርሳቸው ቀይ የሱፍ ክር አወጡና በጣት ርዝመት እየቆረጡ በክንፉ ሥር በፕላስተር ለጣጠፉት፤ ሠላሳ ያህል ቁራጭ። የእኔን ስልክ በኋላው መስታወት ከውስጥ አስረው፣ ካሜራውን ወደ ክንፉ ሆድ አዙረው፣ ናታንን «ሂድ» አሉት።

ሲመለስ ቪዲዮውን አሳዩን። ክሮቹ ወደ ኋላ ተዘርግተው መተኛት ሲገባቸው ይንዘፈዘፋሉ፣ ይጠመዘዛሉ፣ አንዳንዶቹ ወደ ፊት ይዞራሉ። «አያችሁ? ነፋሱ ጠፍቶበታል» አሉ። ብሎኖቹን ፈተው ክንፉን ጋደም አደረጉት። ሁለተኛው ቪዲዮ ላይ ክሮቹ እንደተበጠረ ጸጉር ተኝተው ነበር። ናታን በዚያ ቀን ከምንጊዜውም ምርጥ ሰዓቱ ሁለት ሴኮንድ ቀነሰ። ሁለት ሴኮንድ ለእናንተ ምንም ላይሆን ይችላል፤ እነዚያ ሰዎች ለሩብ ሴኮንድ ዓመት ሙሉ ይለፋሉ።

ስንመለስ አውራ ጎዳናው ላይ መስኮቱን አስከፍተው እጄን እንዳወጣ አዘዙኝ። መዳፌን ትንሽ ሳዘነብለው ነፋሱ ወደ ታች ገፋው።

«ስንት ነው የምትነዳው ናታን?»

«ሰርቲ ፋይቭ፣ ትራፊክ አለ።»

መንገዱ ሲለቀቅ ፍጥነቱ እጥፍ ሆነ፤ እጄ ሊገነጠል ደረሰ። «ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጫናው እጥፍ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ነው» አሉ። «ለዚህ ነው ክንፍ በዝግታው መታጠፊያ ላይ የማይረዳህ፣ በፈጣኑ ላይ ግን ሕይወትህን የሚይዝልህ። ደግሞ ሲሚንቶ ጭነህ መኪናውን ብታከብደው ጎማው መሬት ይይዛል፤ ነገር ግን ስትታጠፍ ሲሚንቶው ራሱ ወደ ውጭ ይጎትትሃል። ነፋስ ይጫንሃል እንጂ አይከብድህም።»

እንዲህ ያለ ነገር ሲናገሩ ድምፃቸው ይለወጣል። ዓይናቸው ደግሞ ይቆጣል። መጀመሪያ በእኔ የተቆጡ ይመስለኝ ነበር።

በምን እንደሚቆጡ የገባኝ በኋላ ነው፤ ቤታቸው ሻይ ሲያጠጡኝ። በወጣትነታቸው በስኮላርሺፕ ሶቪየት ኅብረት ተልከው አምስት ዓመት የአውሮፕላን ምህንድስና ተምረዋል። አገር ቤት ተመልሰው ጥገና ክፍል ውስጥ ክንፍ ፈትሸዋል፤ ለሴት ያልተለመደ ነበር። መንግሥት ሲቀየር ሸሽተው እዚህ መጡ። ክሮይደን፣ ኢሚግሬሽን ቢሮ ቀርበው ሙያቸውን ሲጠየቁ «የአውሮፕላን መሐንዲስ ነኝ፣ በክንፍ ላይ ነው የሠራሁት» አሉ። አስተርጓሚው፣ የራሳችን ሰው፣ «ኤርፖርት ትሠራ ነበር» ብሎ ተረጎመው።

«እንግሊዝኛዬ ያን ያህል ባይሆንም ሰምቼዋለሁ» አሉኝ። «"እንደዚያ አላልኩም" አልኩት። "ያው ነው እትዬ" አለኝ። ያው ነው! በወረቀቴ ላይ እንደዚያው ተጻፈ። ከዚያ በኋላ ሥራ ፈላጊ ቢሮ በሄድኩ ቁጥር ወረቀቱን ያዩና የኤርፖርት ጽዳት ያሳዩኛል።»

ዲፕሎማቸውን አቻ ለማስደረግ ሁለት ጊዜ አፕላይ አድርገዋል። በመጀመሪያው የተማሩበት አገር ፈርሷል ተባሉ፤ በሁለተኛው ደግሞ ከመጀመሪያው እንደገና ይማሩ ተባሉ፤ ያኔ እናታቸውን እየጦሩ ነበር። ዲፕሎማው ግድግዳ ላይ አልነበረም። በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ከልብስ ሳጥናቸው ሥር ነው የተኛው።

ዳንኤል መጥረጊያውን ተቀብሎ የክንፉን ሥራ ሰጣቸው። አመሰግናለሁ ማለት ይገባ ይሆናል፤ ነገር ግን ለእንግሊዝ ደንበኞች ሲያስተዋውቃቸው «ይቺ የጽዳት ሠራተኛዬ ነች፣ ብታምኑም ባታምኑም» ይል ነበር። ሰዉ ይስቃል። እሳቸው አይስቁም። ወረፋ የሚይዝ ደንበኛ ያመጡለት እሳቸው ሆነው ሳለ፣ እስከ መጨረሻው ቀን «ጽዳቷ» ነበሩ። እኔም እስቅ ነበር፤ ጮክ ብዬ ባይሆንም።

አንድ ጊዜ ዳንኤል ራሱ ትራኩ ላይ ተገኝቶ ከእሳቸው ጋር የተጨቃጨቁበትን አልረሳውም። በዚያ ክረምት ለናታን መኪና አዲስ ክንፍ ከራሳቸው ንድፍ ሠርተውለት ነበር፤ ከፊት ደግሞ ከፓራውልቱ ሥር እንደ ምላስ ወደ ፊት የሚወጣ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ጨምረውበታል። የፊቱ ሰሌዳ የፊት ጎማዎቹን ይጫናል፣ የኋላው ክንፍ የኋላዎቹን። ናታን ሁለት ዙር ነድቶ ሲመጣ ዳንኤል የፍጥነት መዝገቡን አየና ጮኸ።

«ቀጥታው ላይ ስድስት ማይል ቀንሰሽበታል! ሰው ለመፍጠን ከፍሎ አንቺ ታዘገይዋለሽ?»

«አዎ፣ ቀጥታው ላይ ይዘገያል። ነፋስ በነጻ አይጫንም፣ መልሶ ይጎትታል» አሉ። «የሰዓት ሰሌዳውን እይ።»

ዙሩን በሙሉ ሦስት ሴኮንድ ፈጥኖ ጨርሷል። ቀጥታው ላይ ያጣውን በፈጣኖቹ መታጠፊያዎች መልሶ፣ ተርፎታል። በተለይ ሃንጋሩ አጠገብ ባለው ረጅም የቀኝ መታጠፊያ፣ ድሮ ፍሬን ይዞ ይገባ የነበረበትን፣ ነዳጁን ትንሽ ብቻ ለቀቅ አድርጎ አለፈው።

«እትዬ፣ ኦነስትሊ፣ መኪናው መሬቱ ላይ የተሰፋ ነው የሚመስለው» አለ ናታን የራስ ቁሩን አውልቆ።

«የፊትና የኋላው ስለተመጣጠነ ነው» አሉት። «አንዱን ያለ ሌላው እንዳትነዳ። ኋላው ብቻ ቢኖር አፍንጫው አልዞር ይልሃል፤ እሱስ ያስጠነቅቅሃል። ፊቱ ብቻ ቢኖር ግን ፊቱ ይነክሳል፣ ጅራቱ ይቀላል። ሳያስጠነቅቅ ይጥልሃል።»

ይህን ሲሉ ሦስታችንም ነበርን። ናታን፣ ዳንኤል፣ እኔ። ሰምተናል።

በዓመቱ ጸደይ፣ አንድ ሐሙስ፣ መኪናውን ሲፈትሹ ከክንፉ ሁለት እግሮች በአንዱ ላይ ጸጉር የምታክል ስንጥቅ አገኙ። ክንፉን ፈቱት። የተሰነጠቀውን እግር ለብየዳ ይዘው ሊሄዱ ሲሉ ወደ እኔ መጡ።

«ብርሃኑ፣ የፊቱን ሰሌዳ ነገ ጠዋት ፍታልኝ። እኔ ነገ ሌላ ሥራ ላይ ነኝ።»

«እሺ እትዬ።»

«እንዳትረሳ።»

«እሺ አልኩ እኮ።»

በሥራ ካርዱ ላይ በእንግሊዝኛ በትልልቅ ፊደል «የኋላው ክንፍ ተፈቷል፤ የፊቱ ሰሌዳ ይፈታ፤ ትራክ ላይ አይግባ» ብለው ጽፈው ፈረሙና የማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሰቀሉት።

ዓርብ ጠዋት አንድ ሾፌር ታክሲውን ለማታው አድርሱልኝ ብሎ መጣ። ቀለም ስቀባ ዋልኩ። ሰሌዳውን አልፈታሁም። አልረሳሁም፤ ሰኞ እፈታዋለሁ ብዬ ነው። ናታን እስከ ማክሰኞ አይመጣም ብዬ ነው። ከሰዓት በኋላ ናታን መጣ። ጓደኞቹ ለቅዳሜ ቦታ አግኝተውለታል።

«ክንፉ የት ሄደ?» አለ።

ዳንኤል ካርዱን አንብቦታል፤ ከፊቱ ነው የተሰቀለው። «ጸዳለ እያስበየደችው ነው። ለአንድ ቀን ምን አለ? ለውበት ነው እኮ። እንዲያውም ቀጥታው ላይ ይፈጥንልሃል» አለው። ሥራው አላለቀም ብሎ ደንበኛ መመለስ አይወድም ነበር፤ ስሙ ነዋ። ቁልፉን አቀበለው።

እኔ የቀለም ጭንብሌን አድርጌ አራት እርምጃ ያህል ርቀት ላይ ቆሜ ነበር። ጭንብሉን ማውለቅ፣ «ቆይ ናታን» ማለት፣ ሁለት ቃል ነው። ብናገር «ለምን አልፈታኸውም?» እባላለሁ ብዬ ፈራሁ። መኪናዋ ወጣች።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ሃንጋሩ አጠገብ ባለው ረጅም መታጠፊያ፣ በለመደው ፍጥነት ሲገባ ጅራቷ ዞረ። ሁለት ጊዜ ተሽከርክራ የአፈር ክምሩን በጎኗ መታች። ናታን ዳሌውና እግሩ ተሰበረ። ለሳምንታት ሆስፒታል ተኛ፣ ከዚያ ለወራት በክራንች ሄደ።

ሰኞ ጠዋት ስገባ ዳንኤል ካርዱን ከማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሲያወርድ አየሁት። አራት ላይ አጥፎ ኪሱ ከተተው። ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ጭንብሌን አንስቼ ወደ ቀለሜ ሄድኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተባባሪዎች ነበርን።

የናታን እናት ወይዘሮ ትርሲት ሽማግሌ ጠሩ። ኪልበርን ቤታቸው፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተሰበሰብን። ሁለት ሽማግሌዎች፣ ዳንኤል፣ እትዬ ጸዳለ፣ እኔ። ናታን ገና ሆስፒታል ነበር፤ የዓርቡ ነገር ከአደጋው ጋር ተቀላቅሎበት የሚያስታውሰው ቁርጥራጭ ብቻ ነው።

ዳንኤል ዝግ ባለ ድምፅ ተናገረ። ሰው ሲያዝን የሚናገርበት ድምፅ አለው፤ ያምርበታል። «እኔ ማንንም መክሰስ አልፈልግም። ግን ክንፉን የፈታችው ጸዳለ ነች። ለማንም አልነገረችም። ልጁ መጥቶ መኪናውን ወሰደ። እኔ በእሷ ዕውቀት ተማምኜ ነው።»

«ክንፉን የፈታሁት እኔ ነኝ» አሉ እትዬ ጸዳለ። «ተሰንጥቋል፤ ባልፈታው ኖሮ ቀጥታው ላይ ተነቅሎ ሰው ይገድል ነበር። አይነዳ ብዬ ካርድ ላይ ጽፌያለሁ። የፊቱም እንዲፈታ ለብርሃኑ ነግሬያለሁ።»

«ካርዱ የታለ?» አሉ አንደኛው ሽማግሌ።

«እኛ ጋ እንዲህ ያለ ካርድ የለም» አለ ዳንኤል።

እትዬ ጸዳለ ወደ እኔ ዞሩ። አልተቆጡም። እርግጠኛ ነበሩ፤ እስካሁን የሚያቃጥለኝ እሱ ነው።

«ብርሃኑ፣ ካርዱን አይተሃል አይደል?»

ወይዘሮ ትርሲት አዩኝ። ዳንኤል ጫማውን አየ። ሁለት ልጆች አሉኝ፣ የቤት ኪራይ አለብኝ፤ ይህን ሁሉ በዚያች ደቂቃ አሰብኩ ብዬ መዋሸት እችላለሁ። ምንም አላሰብኩም። ፈራሁ፣ በቃ።

«እኔ... አላስታውስም» አልኩ።

እትዬ ጸዳለ አዩኝ። ሲናደዱ እንደ ድሮው ዘመን «ጓድ» የማለት ልማድ ነበራቸው፤ በዚያ ቀን ግን እሱንም አላሉኝም። ወደ ወይዘሮ ትርሲት ዞረው መኪናዋ ለምን እንደተሽከረከረች ማስረዳት ጀመሩ፤ ፊቱ እንዴት እንደነከሰ፣ ኋላው እንዴት እንደቀለለ፣ በእጃቸው እያሳዩ። እናትየዋ አላስጨረሷቸውም። «ልጄን ሰብረሽ ትምህርት ታስተምሪኛለሽ? እጅሽ ይሰበር» አሏቸው። እትዬ ጸዳለ ቦርሳቸውን አንስተው ወጡ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ራሱን እየነቀነቀ «ያልተማረ ሰው በማያውቀው ሲገባ እንዲህ ነው» አለ። ያልተማረ ሰው አለ። እኔ ዲፕሎማውን በእጄ ይዤ አይቼዋለሁ።

ወደ ቢሮ ጽዳት ተመለሱ። ወሬው ቤተ ክርስቲያኑን አዳረሰ፤ ሰላም የሚላቸው ቀነሰ። ፊንስበሪ ፓርክ የአውቶብስ ፌርማታ ላይ ሁለት ጊዜ አይቻቸው ሁለቱንም ጊዜ መንገድ ተሻግሬያለሁ።

በስድስተኛው ወር ናታን ክራንቹን ጥሎ፣ እያነከሰ ጋራዡ ደጃፍ መጣ። ዳንኤል አልነበረም።

«ብርሃኑ፣ አንድ ነገር ታነብልኛለህ?» አለና ስልኩን ሰጠኝ። «መኪናውን ሪቢልድ እያደረግኩ ነው። እትዬ የክንፉን ሴቲንግ በቴክስት ይልኩልኝ ነበር፣ በአማርኛ። እኔ ማንበብ አልችልም። እናቴ ነበረች የምታነብልኝ፤ አሁን ስማቸውን መስማት አትፈልግም።»

እትዬ ጸዳለ ለናታን ሁልጊዜ በአማርኛ ይጽፉለት ነበር፤ «ፊደል ቁጠር» ብለው እልህ ተጋብተዋል። ከላይ ጀምሬ አነበብኩለት። ክንፉን ዘጠኝ ዲግሪ አድርጌዋለሁ። የፊቱን ሰሌዳ በአንድ ጣት ዝቅ አድርገው። በስልኩ እየመዘገበ ይሰማኛል። የመጨረሻው ላይ ደረስኩ። የዓርብ ጠዋት ነው።

«ናታን፣ የኋላው ክንፍ እግሩ ስለተሰነጠቀ ፈትቼዋለሁ። የፊቱ እስኪፈታ መኪናውን አትውሰድ። ትራክ ላይ ከገባህ ጅራቱ ይጥልሃል። ማክሰኞ እገጥምልሃለሁ።»

ናታን «እንደገና አንብበው» አለኝ። እንደገና አነበብኩት።

«ያን ቀን አይቼዋለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «የስቅለት ሰሞን ነበር። የበዓል ምርቃት ነገር መስሎኝ የልብ ምልክት ነው የላክሁላቸው።» ያኔ ገባኝ፤ አንብቦ እምቢ ያለ መስሏቸው፣ ልጁን እናቱ ፊት ላለመክሰስ ነው በሽማግሌዎቹ ፊት መልእክቱን ያላነሱት።

ከዚያ ጠየቀኝ። ካርድ ነበረ ወይ? ነበረ አልኩት። የፊቱን እንድትፈታ ነግረውሃል? ነግረውኛል። ሳልቆም ሁሉንም ነገርኩት፤ ጭንብሉን፣ ሰኞ ጠዋትን፣ ኪሱን። ይመታኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልመታኝም።

«እናቴ ስድስት ወር ሙሉ እየረገመቻቸው ነው» አለ። «ኤቭሪ ዴይ። አንተ ታውቅ ነበር።»

ስልኩን ተቀብሎኝ ሄደ።

እናቱን ይዞ በዚያው ሳምንት እትዬ ጸዳለ ቤት እንደሄደ ሰማሁ። ወይዘሮ ትርሲት እግራቸው ላይ ሊወድቁ ሲሉ እትዬ ጸዳለ ክንዳቸውን ይዘው አነሷቸው አሉ፤ ከዚያ ለናታን «በስንት ፍጥነት ነው የገባኸው?» ብለው እርሳሳቸውን አወጡ። ሌላ ነገር አልጠየቁትም። ከዚያ በኋላ በየወሩ አብረው ትራክ ይሄዱ ነበር፤ እስኪታመሙ ድረስ። ናታን አሁን ፊደል ያነባል፣ በዝግታ።

ሽማግሌዎቹስ? ናታን መልእክቱን ወስዶ አሳያቸው። «ነገሩ ቆይቷል ልጄ፤ አሁን መቆስቆሱ ለማንም አይበጅም» አሉት። ዳንኤል ለአዳራሹ እድሳት ብዙ ያደረገ ሰው ነው። ያኔም በኮሚቴው ነበረ፣ ዛሬም በኮሚቴው ነው። «ያልታደለች ሴት» እያለ በሐዘኔታ ያነሳቸው ነበር።

እኔ ጋራዡን ለቀቅኩ። ጀግንነት አይደለም፤ ሌላ ሥራ ካገኘሁ በኋላ ነው። አንድ ቀን ናታን ደውሎ «የነገርከኝን ጻፈው። በስምህ። ለሽማግሌዎቹም ለዳንኤልም እሰጣለሁ» አለኝ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። አንድ ገጽ ሞላ። ለናታን ከመስጠቴ በፊት ለእሳቸው ላሳያቸው አልኩና ወደ ቤታቸው ሄድኩ። ሰባተኛ ፎቅ ነው። አሳንሰሩ ተበላሽቶ በደረጃ ወጣሁ።

በሩን ከፍተው ሲያዩኝ ፊታቸው አልተለወጠም። ግቡም አላሉኝም።

«እትዬ ጸዳለ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎት...»

«የያዝከው ምንድን ነው?»

ወረቀቱን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው፣ በሩ ላይ እንደቆሙ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበቡት። እርሳሳቸውን ከኪሳቸው አወጡ። አንድ ቦታ ላይ ሰረዙ። ወረድ ብለው ሌላ ቦታ ሰረዙ። ወረቀቱን መለሱልኝ።

«ካርዱን ያየሁ ይመስለኛል» ብዬ ጽፌ ነበር። «የፊቱን ሰሌዳ እንድፈታ የነገሩኝ ይመስለኛል» ብዬ ነበር። ሁለቱንም «ይመስለኛል» በቀጥታ መስመር ሰርዘዋቸዋል።

«አይተሃል ወይስ አላየህም?» አሉኝ።

«አይቻለሁ።»

«ነግሬሃለሁ ወይስ አልነገርኩህም?»

«ነግረውኛል።»

«እንደዚያ ብለህ ጻፈው» አሉና በሩን ዘጉት።

ደረጃው ላይ ተቀምጬ፣ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ ገለበጥኩት። ጉልበት ላይ የተጻፈ ስለሆነ ጽሑፉ አላማረም። ሰዎች በአጠገቤ ወጡ፣ ወረዱ። ስጨርስ ተነስቼ በሩን አላንኳኳሁም፤ አይተው እሳቸው ለናታን እንዲሰጡት፣ ጎንበስ ብዬ በበሩ ሥር አስገባሁት። ግማሹ ገብቶ ግማሹ ውጭ ቀረ። ትንሽ ቆይቶ ወረቀቱ ከውስጥ ተሳበና ጠፋ።

ቆሜ ጠበቅሁ። በሩ አልተከፈተም።